ኤአይ፣ አካውንታንቱና ደንበኛው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ይህን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አይሠራውም ወይ?» ዛሬ ብዙ ደንበኞች አካውንታንታቸውን እንዲህ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አብረውት የሚመጡት ግምቶች ግን ብዙዎቹ የተሳሳቱ ናቸው፤ ገንዘብም መተማመንም ያስከፍላሉ።

«የአካውንታንት ሙያ አብቅቶለታል»

እ.ኤ.አ. በ2013 ፍሬይ እና ኦስቦርን የተባሉ ሁለት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የትኞቹ ሙያዎች በኮምፒውተር ሊተኩ እንደሚችሉ አስልተው ነበር። ለአካውንታንቶችና ለኦዲተሮች የሰጡት ዕድል 94 በመቶ ነው። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያስደነግጣል። ነገር ግን የለኩት ሥራው በቴክኒክ ደረጃ ለማሽን ይመች እንደሆነ ነው። ስንት ሰው መቼ ከሥራ እንደሚወጣ አልተነበዩም።

ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዚካልክ የተባለው የመጀመሪያው የግል ኮምፒውተር ስፕሬድሺት (እንደ ኤክሴል ያለ የሰንጠረዥ ማስሊያ ፕሮግራም) ገበያ ላይ ዋለ። ቀድሞ አንድ ቁጥር ሲቀየር ሙሉ ሰንጠረዡ በእርሳስና በላጲስ እንደገና ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት በአሜሪካ የሒሳብ መዝገብ ሠራተኞች ቁጥር ሲቀንስ የአካውንታንቶች ቁጥር ግን ጨመረ። ማስላት ሲረክስ ደንበኛው «ዋጋ ብቀንስስ? ሁለት ሰው ብጨምርስ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ። መልሱን የሚተነትንለት ሰው አስፈለገው።

ይህ ማለት ስጋቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ደረሰኝ ሲመዘግብ የሚውል ሰው መጨነቁ ልክ ነው። ከአሁኑ ሌላ ነገር ቢማር ይሻለዋል።

«ማሽን ስለሆነ አይሳሳትም»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። ካልኩሌተርና ኤክሴል የተሰጣቸውን ቀመር ይከተላሉ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት፣ ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጡ የኤአይ ፕሮግራሞች (ቻትቦቶች) ግን ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው የሚጽፉት። ስለዚህ የሌለን የግብር አንቀጽ ልክ እንዳለ አድርገው፣ ያለምንም ማመንታት ሊጠቅሱ ይችላሉ።

ትልልቆቹም አላመለጡም። በ2025 ከዓለም ትልልቅ የሒሳብና የማማከር ድርጅቶች አንዱ የሆነው ዴሎይት በአውስትራሊያ ለአገሪቱ መንግሥት ባዘጋጀው ሪፖርት ውስጥ የሌሉ ጥናቶችና ከፍርድ ቤት ውሳኔ የተወሰደ የተባለ የፈጠራ ጥቅስ ተገኙ። ድርጅቱ ሪፖርቱ ሲዘጋጅ ኤአይ መጠቀሙን ገለጸ፤ ከክፍያውም የተወሰነውን መለሰ።

በዕለት ተዕለት ሥራ ስህተቱ ድምፅ የለውም። የአንድ ድርጅት ባለቤት ከራሱ ኪስ አውጥቶ ድርጅቱ አካውንት ውስጥ ገንዘብ አስገባ እንበል። ሶፍትዌሩ የሚያየው ገቢ የተደረገ ገንዘብ ነው። ሽያጭ ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ማንም ካላስተዋለ ሰውዬው በገዛ ገንዘቡ ላይ ግብር ይከፍላል ማለት ነው። አካውንታንቱ ግን ስልክ አንስቶ «ይቺ ብር ከየት መጣች?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ የዚህን ሙያ ዋጋ የማየው እዚች ጥያቄ ላይ ነው።

«ከተሳሳተም ጥፋቱ የኤአይ ነው»

አይደለም። የካናዳው አየር መንገድ ኤር ካናዳ ይህን ሞክሮ ነበር። ቻትቦቱ ቤተሰቡ ለሞተበት መንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጠው። ኩባንያው ለቻትቦቱ ቃል ተጠያቂ አይደለሁም ብሎ ተከራከረ። በ2024 ጉዳዩን ያየው የካናዳ የዳኝነት አካል ክርክሩን አልተቀበለውም፤ ኩባንያው ካሳ እንዲከፍል ወሰነ። የሒሳብ መግለጫም ላይ የሚፈርመው ሰው ነው። የሚጠየቀውም እሱ ነው።

«የደንበኛን ሰነድ ነፃ ኤአይ ላይ መጫን ችግር የለውም»

ሚስጥር መጠበቅ ከዓለም አቀፉ የአካውንታንቶች የሥነ ምግባር ደንብ አምስት መሠረታዊ መርሆች አንዱ ነው። ነፃ በሆነ አገልግሎት ላይ የተጫነ የደመወዝ ዝርዝር ግን የት እንደሚቀመጥ፣ ኤአዩን ለማሠልጠን ይዋል አይዋል፣ ብዙ ጊዜ ውሉን ያነበበ የለም። በ2023 ሳምሰንግ ሠራተኞቹ የውስጥ ኮድ ቻትጂፒቲ ላይ መለጠፋቸውን ካወቀ በኋላ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን አግዷል።

ስምና የአካውንት ቁጥር ማጥፋት ይረዳል፤ ሁልጊዜ ግን አይበቃም። በዘርፉ ብቸኛ የሆነን ፋብሪካ ከሽያጭ መጠኑ ብቻ መለየት ይቻላል። መረጃውን ላለመጠቀም በውል የሚገባ አገልግሎት መምረጥና አስቀድሞ ደንበኛውን ማስፈቀድ ይሻላል።

«ደንበኛው ኤአይ መጠቀሜን ካወቀ ይሸሻል»

የሚሸሸው ከሌላ ሰው ሲሰማ ነው። ምን በኤአይ እንደሚሠራና ማን እንደሚያጣራው የሥራ ውሉ ላይ ይጻፍ። የክፍያ ነገርም ይነሳል። በሰዓት የሚያስከፍል ባለሙያ የአሥር ሰዓቱን ሥራ በሁለት ሰዓት ጨርሶ የአሥር ሰዓት ቢጠይቅ ትክክል አይደለም። ለሥራው በሙሉ አንድ ዋጋ መነጋገር ለሁለቱም ይቀላል።

«ቻትቦት የጠየቀ ደንበኛ አካውንታንት አያስፈልገውም»

«የመኪናዋን ዋጋ በድርጅቱ ወጪ መመዝገብ ትችላለህ ብሎኛል ቻትቦቱ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ በዝቷል። እሱን ማሳፈር አያስፈልግም። መልሱን ብቻ ሳይሆን ጥያቄውንም እንዲያሳይ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ መኪናዋ በማን ስም እንደሆነች፣ ቅዳሜና እሁድ ማን እንደሚነዳት አልነገረውም። ቻትቦቱም ላይጠይቀው ይችላል።