"ስድስት አንቴና ያለውን ስጠኝ" እና ሌሎች ሰፈራችን ውስጥ የሚወሩ የዋይፋይ ነገሮች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ አንድ ቀን የጎረቤታችንን ራውተር አጥፍቼ ሳበራው ሰራ፣ በቃ ከዛ ቀን ጀምሮ ብሎኩ ውስጥ "ኔትወርክ የሚችለው ልጅ" እኔ ነኝ። ሰው ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋይፋይ ሊያስገባ ሲል ይደውልልኛል፣ ማለቴ ብዙው የሚደውለው እቃውን ገዝቶ ካርቶኑን ከቀደደ በኋላ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እስቲ አንዴ ልጻፋቸውና ልገላገል።

"ራውተር ከገዛሁ ኢንተርኔት አለኝ"

የለህም። ራውተር የገባውን ኢንተርኔት ለቤቱ የሚያከፋፍል እቃ ነው፣ እንደ ሮቶ በሉት፣ ሮቶ ስለገዛችሁ ውሃ መጣ ማለት አይደለም (እኛ ሰፈር ይሄ ምሳሌ ቶሎ ይገባል)። 4ኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ መርካቶ ወርደው የሚያምር ራውተር ገዝተው መጡና "ሲሙን የት ነው የምከተው?" አሉኝ። አዙሬ ባየው የሲም ቦታ የለውም፣ የፋይበር ቦታም የለውም፣ ያሉት አምስት የኔትወርክ ኬብል ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። እቃው ጥሩ ነው፣ ግን ከፊቱ ሌላ እቃ ካልተቀመጠለት ዝም ብሎ መብራት የሚያበራ ጌጥ ነው። ጋሼ ፊታቸው ጠቆረ፣ እኔም ደስ አላለኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ቤታችሁ የሚገባው መስመር ምንድነው የሚለውን ጨርሱ። ፋይበር ከሆነ ጫፉ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ የሆነ ቀጭን ገመድ የሚሰካበት ሳጥን ያስፈልጋል፣ እሱን ብዙ ጊዜ መስመሩን የሚያስገቡላችሁ ናቸው ይዘው የሚመጡት፣ አብዛኛው ደግሞ ራሱ ዋይፋይ አለው። የድሮው የስልክ መስመር ከሆነ ጠበብ ያለ የስልክ ቀዳዳ ያለው ሞደም ነው (በስልኩ ሽቦ የሚመጣውን ኢንተርኔት የሚቀበለው ሳጥን)፣ ይሄንን ፋይበር ላይ አትሰኩትም፣ "ሞደም ሁሉ ሞደም ነው" እያለ ያገለገለ የሚሸጥላችሁን አትስሙት። በሲም ከሆነ የሲም ራውተር ነው፣ እሱም በአንድ ኩባንያ የተቆለፈ ከሆነ የሌላውን ሲም አይቀበልም፣ አሁን ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም ባሉበት ጊዜ ሱቅ ላይ የራሳችሁን ሲም ከታችሁ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ፋይበር የገባላችሁ ደግሞ የመጣላችሁን ሳጥን ለሁለት ሳምንት ተጠቀሙበትና ከዛ በኋላ ራውተር ያስፈልገኛል ወይ በሉ፣ ለኮንዶሚኒየም ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

"አንቴና በበዛ ቁጥር ሲግናል ይርቃል"

ይሄን እኔም በልቼዋለሁ። ሸረሪት የመሰለ ባለ ስድስት አንቴና ራውተር ገዝቼ ቀድሞ ባለሁለቱ የማይደርስበት መኝታ ቤት ጥግ ላይ ሄጄ ስልኬን አየሁት፣ ያው አንድ ዘንግ። ነገሩ ምንድነው፣ ራውተር የሚያወጣው ጉልበት በህግ ገደብ አለው፣ አንቴና ስለጨመርክ ገደቡ አይጨምርም። ብዙ አንቴና በዋናነት የሚጠቅመው በአንድ ጊዜ ብዙ ዳታ ጎን ለጎን ለመላክ ነው፣ አብዛኛው ስልክ ደግሞ ለዋይፋይ ያለው አንድ ወይ ሁለት አንቴና ነው። ከዛ በላይ ደግሞ ስልኩ መልሶ ማውራት አለበት! አንተ በሜጋፎን ብትጮህ እሱ ከሩቅ የሚያንሾካሹከውን ካልሰማህ ጨዋታ የለም።

ከአንቴና ቁጥር ይልቅ አቀማመጡ ነው የሚለየው። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ሲግናሉን ወደ ጎን ነው የሚዘረጋው፣ ቦምቦሊኖ አስቡ፣ አንቴናው በቀዳዳው መሃል ያለፈ እንጨት ነው፣ በእንጨቱ ጫፍ በኩል ምንም የለም። እና ሰው አንቴናውን ወደ መኝታ ቤት እንደ ጠመንጃ ያነጣጥረዋል፣ ማለትም ቀዳዳውን ነው ያዞረው። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ አጠገብ፣ ቡፌ ውስጥ የሚከቱትማ አይወሩም።

"5 ጊጋ ማለት 5ጂ ነው"

አይደለም፣ ስማቸው ነው የተመሳሰለው። 5ጂ የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ ነው፣ ከማማው ወደ ቤታችሁ የሚመጣው። ራውተሩ ላይ 5 ጊጋ የሚለው ግን ከራውተሩ ወደ ስልካችሁ የሚሄደው የዋይፋይ ሞገድ ነው፣ 5 ጊጋኸርዝ። አንዱ ስለሌላው ምንም አያውቅም። ይሄ መምታታት ብር ያስወጣል፣ 5ጂ ያልደረሰበት ሰፈር የ5ጂ ሲም ራውተር የገዛ ሰው ያገኘው ውድ 4ጂ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ 5ጂ በሙከራ የተጀመረው በ2014 ዓ.ም. ነው፣ ግን "አዲስ አበባ" ሲባል እኛን ጠርዝ ላይ ያለነውን ያካትታል አያካትትም የሚለውን 5ጂ የሚቀበል ስልክ ተውሳችሁ ሳሎናችሁ ውስጥ ቆማችሁ እዩት፣ ማስታወቂያውን ሳይሆን።

የዋይፋዩ 5 ጊጋ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ላይ ቶሎ ይደክማል። 2.4 ጊጋ ብሎኬትን በተሻለ ያልፋል፣ ግን ሰው በዝቶበታል። እኔ ሳሎን ሆኜ ስፈልግ 23 የጎረቤት ዋይፋይ ይታየኛል፣ እዛ ሞገድ ላይ ደግሞ ሳይደራረቡ የሚሰሩት ቻናሎች (የሞገዱ ክፍልፋዮች) ሶስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ላላችሁ ሁለቱም ሞገድ ያለው ግዙ፣ 2.4 ብቻ ያለውን በርካሽ ሲሰጧችሁ እለፉት። ግቢ ውስጥ ብቻችሁን ላላችሁ ያን ያህል አያስጨንቅም።

"ምጣዱ ጨረር አለው፣ ዋይፋይ ይገድላል"

እማማ ናቸው፣ ከእኛ በላይ ያሉት። "ልጄ፣ እንጀራ ልጋግር ምጣዱን ስሰካ ይሄ ዋይፋይ ይሞታል፣ የልጅቷ ትምህርት ይቋረጣል፣ ጨረሩ ነው አይደል?" አሉኝ። እማማ፣ ምጣዱ የሚያወጣው ሙቀት ነው፣ ዋይፋይ የሚረብሽ ሞገድ የለውም (2.4ን በእርግጥ የሚረብሸው ማይክሮዌቭ ነው፣ እሱ እዛው አካባቢ ባለ ሞገድ ነው የሚሰራው)። ግን እማማ ያሉት ውሸት አልነበረም፣ ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አየሁት፣ ምጣዱ ተሰካ፣ የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ አለ፣ ራውተሩ ቦግ ብሎ ጠፋና ተነሳ። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል፣ ብሎኩ ሁሉ ቅዳሜ ነው የሚጋግረው፣ ቮልቴጁ ወረደ። የራውተሩን አዳፕተር ነቅዬ ጀርባውን አነበብኩት፣ ኢንፑት የሚለው ላይ 200–240 ቮልት ይላል። የእኔ 100–240 ነው የሚለው፣ ለዛ ነው የእኔ የማይጠፋው። መውጫው ያው 12 ቮልት የሆነ፣ አምፒሩ ከድሮው ያላነሰ ሌላ አዳፕተር ገዛን፣ ሰካነው፣ ምጣዱ ጋለ፣ ራውተሩ ዝም። ራውተር ልትቀይሩ ያላችሁ መጀመሪያ ያቺን ትንሽ ጽሁፍ አንብቡ።

መብራት ጭራሽ ሲጠፋ ለሚቸገር ደግሞ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል ትንሽ ባትሪ አለ፣ ቮልቱ ከራውተሩ ጋር አንድ ይሁን፣ 9 እና 12 አታምታቱ። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ሲሏችሁ በስልክ ፓወርባንክ ሂሳብ ነው፣ ማለትም የተቆጠረው ውስጡ ባለው ባትሪ ዝቅተኛ ቮልት እንጂ በራውተሩ ቮልት አይደለም፣ 8 ዋት ለሚበላ ራውተር ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቢያቆይ ነው፣ "ቀኑን ሙሉ" የሚል ሻጭ አትመኑ። ፋይበር ያላችሁ ግን እድለኛ ናችሁ፣ በፋይበሩ መንገድ ላይ ያሉት ማከፋፈያዎች መብራት አይፈልጉም፣ ዋናው ማዕከል ባክአፕ እስካለው፣ የእናንተም ሳጥን ዩፒኤስ ላይ እስካለ ድረስ ሰፈሩ ጨለማ ሆኖም እናንተ ትሰራላችሁ።

"10 ሜጋ ከፍዬ 1 ሜጋ ነው የሚመጣው"

እዚህ ላይ ማንም አልሰረቃችሁም። የምትከፍሉት በሜጋቢት ነው፣ ዳውንሎድ ላይ የምታዩት በሜጋባይት፣ ለ8 አካፍሉ፣ 10 ሲካፈል 1.25። ካርቶኑ ላይ "1200" የሚለውም 300ው ለ2.4፣ 867ቱ ለ5 ጊጋ ሆኖ ተደምሮ የተጠጋጋ ነው፣ አንድ ስልክ ሁለቱን አያገኝም፣ ከመስመራችሁ ስፒድ ጋርም አይገናኝም።

"ስሙን ከደበቅኩት ማንም አይገባም"

ስም መደበቅ ለሚያውቅ ሰው ምንም ማለት አይደለም። የዋይፋዩን መቆለፊያ ደብሊውፒኤ2 ወይ 3 አድርጉ፣ ደብሊውፒኤስ የሚለውን (ያለ ፓስወርድ በአዝራር ወይ በአጭር ቁጥር የሚያስገባውን) አጥፉ፣ ፓስወርዱን በሩ ላይ ከለጠፋችሁት ስልክ ቁጥር ሌላ አድርጉ። አለቀ።

"ሪፒተር ሰክቼ ጓሮ አደርሰዋለሁ"

አጎቴ ሰበታ ነው ያለው፣ ዋናው ቤት ፊት ለፊት፣ ሰርቪሱ ጓሮ፣ መሃላቸው ሃያ ሜትር ገደማ፣ የሰርቪሱ ጣሪያም አንዱ ግድግዳም ቆርቆሮ። ቆርቆሮ ሲግናል ይመልሳል። አጎቴ ሪፒተር ገዝቶ የት ሰካው? ሰርቪሱ ውስጥ፣ ሲግናሉ ሞቶ ባለቀበት ቦታ። ሪፒተር የሰማውን ነው የሚደግመው፣ ያልሰማውን ከየት ያምጣ። መሃል ቦታ ላይ ቢሰካም ብዙዎቹ ርካሾች በአንድ ሞገድ እየሰሙ በዛው ስለሚያወሩ ስፒዱ ግማሽ ይሆናል።

ያደረግነው ኬብል መጎተት ነው። ካት ፋይቭ ኢ የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል፣ ግን ሱቅ ላይ ጫፉን ቆርጣችሁ በቢላ ፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ ተዉት። ፀሐይና አይጥ እንዳያገኘው በፕላስቲክ ቱቦ ከትተን ቀበርነው። ሰርቪሱ ጋ ሌላ ነገር አልገዛንም፣ አጎቴ ቁምሳጥን ላይ የጣለውን የድሮ ራውተር አውርደን የኔትወርክ አድራሻውን (አይፒውን) ከዋናው የተለየ አደረግን፣ ዲኤችሲፒውን (ለስልኮቹ አድራሻ የሚያድለውን) አጠፋን፣ ኬብሉን ሰማያዊው ኢንተርኔት የሚለው ቀዳዳ ላይ ሳይሆን ከሌሎቹ አንዱ ላይ ሰካን። ቆርቆሮው አሁን ሲግናሉን ውስጥ ያዘው ማለት ነው፣ ሰርቪሱ ውስጥ ያለው ተከራይ ከአጎቴ የተሻለ ዋይፋይ አለው። አጎቴ ይሄን ካወቀ በኋላ ኪራይ ስለመጨመር እያሰበ ነው መሰለኝ፣ ባልነገርኩት።