ስትረስ ምንድን ነው? ከጭንቀት ሕመምስ በምን ይለያል?

በድሬዳዋ «ስትረስ» የሚለው ቃል ከከዚራ ካፌዎች እስከ ቀፊራ ገበያ፣ ከኮሌጅ ተማሪ እስከ ባጃጅ ሾፌር በሁሉም አፍ ይገኛል። «ፈተናው ስትረስ አድርጎኛል» ይላል ተማሪው፤ «የቤት ኪራዩ ስትረስ ውስጥ ከቶኛል» ይላል አባወራው፤ «ኧረ አቦ፣ ስትረስ አታርገኝ» ይላል ወዳጁ የነዘነዘው ወጣት፤ «ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም፣ ስትረስ ነው መሰለኝ» ትላለች ሌላዋ። የመጀመሪያው የሚናገረው ፈተናው ሲያበቃ አብሮ ስለሚያበቃ ውጥረት ነው። ሁለተኛው የሚናገረው ስለ እውነተኛ የኑሮ ጫና ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ከመሰላቸት ያለፈ ነገር አላለም። አራተኛዋ ግን ሐኪም ሊያያት የሚገባ ሕመም ላይ ልትሆን ትችላለች። አራቱም በአንድ ቃል ስለሚናገሩ ሰሚው ለአራቱም «ያልፋል፣ አታካብድ» የሚል አንድ መልስ ይሰጣል። ለሦስቱ መልሱ ብዙ ጉዳት የለውም፤ አራተኛዋን ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያለ ሕክምና ያስቀራታል።

ስትረስ በሕክምና ቋንቋ የበሽታ ስም አይደለም፤ ሰውነት ጫና ሲመጣበት ያንን ጫና ለመቋቋም የሚያደርገው ዝግጅት ነው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ አደጋ የገጠመው እንስሳ ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ ሰውነቱ እንዴት እንደሚሰናዳ አጥንቷል። በቪየና ተወልዶ በካናዳዋ ሞንትሪያል የሠራው ሃንስ ሰልየ ደግሞ በ1936 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ ጉዳቱ ብርድም ይሁን መርዝ ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ድካም፣ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ መልክ እንዳለው አሳየ። ቃሉ በሕክምናው ዓለም በስፋት የታወቀውም ከዚያ በኋላ በሰልየ ሥራዎች ነው።

ሂደቱ እንዲህ ነው። አንጎል አደጋ አለ ብሎ ሲገምት ከኩላሊቶች በላይ ወደተቀመጡት ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች መልእክት ይልካል፤ ዕጢዎቹም አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ። ያን ጊዜ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ደምም ከሆድ ዕቃ እየቀነሰ ወደ እጅና እግር ጡንቻዎች ይበዛል፤ የደነገጠ ሰው ሆዱ የሚላወሰውና አፉ የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን ተከትሎ ይመጣና ሰውነት ለጉልበት የሚያስፈልገውን ስኳር በደም ውስጥ ያበዛል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ይህ ዝግጅት በራሱ ጠላታችን አይደለም፤ ያለ እሱ መኪና ሲመጣብን ከመንገድ ዘለን መውጣት አንችልም፣ ተማሪም በፈተና ዋዜማ መጽሐፍ ለመክፈት አይነሣም። ጉዳት የሚመጣው ዝግጅቱ ሳይበርድ ለሳምንታትና ለወራት ሲቆይ ነው፤ እንቅልፍ ይታወካል፣ የደም ግፊት ይነካል፣ ራስ ምታትና የጨጓራ ሕመም ይደጋገማል።

ከስትረስ ቀጥሎ መለየት ያለባቸው ፍርሃትና ጭንቀት ናቸው፤ ልዩነታቸውን ለመረዳት ድሬዳዋ ከደቻቱ ወንዝ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልጋትም። ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ሰው እየተሻገረው፣ ነጋዴም ሸቀጡን እየዘረጋበት የሚውል ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ሌሊት ላይ ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትንም ከቤታቸው አፈናቀለ። በዚያ ሌሊት ውሃው በሩን ገፍቶ ሲገባ ሰው የተሰማው ፍርሃት ነው፤ አደጋው በዓይን ይታያል፣ እግርም ያለ ምክር ይሮጣል። በሚቀጥሉት ክረምቶች ከከተማዋ በስተደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ ደመናው ሲጠቁር፣ በከተማዋ ላይ ገና አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ወደ ወንዙ ዳር ወጥቶ አሸዋውን የሚመለከት ሰው የሚሰማው ደግሞ ጭንቀት ነው። ጎርፉ ከላይ፣ ከተራሮቹ እንደሚመጣ ያውቃልና ጭንቀቱ መሠረት አለው፤ ልጆቹን ከወንዙ ዳር ያሳርቀዋል፣ ዕቃውን ከፍ ወዳለ ቦታ ያስወጣዋል። ይህን ሰው «ታመሃል» ማለት ስሕተት ነው። ሰማዩ ጥርት ባለበት በጥር ወርም እንቅልፍ ካጣ፣ ጎርፉን ትቶ ስለ ልጁ ጤና፣ ከዚያ ስለ ሥራው፣ ከዚያም ስላልመጣ ስልክ በየተራ እየተጨነቀ ከዋለ፣ ማቆም እየፈለገም ማቆም ካቃተው፣ ያን ጊዜ ጥያቄው ሌላ ይሆናል።

ሐኪሞች የጭንቀት ሕመምን ከተራ ጭንቀት የሚለዩት በቆይታው፣ በመጠኑ፣ ለቁጥጥር በማስቸገሩና በኑሮ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም የሚባለው ዓይነት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛ መሠረት፣ ከመጠን ያለፈው ጭንቀት ቢያንስ ለ6 ወራት፣ ጭንቀት ያለባቸው ቀናት ከሌለባቸው በልጠው መቆየት ይኖርበታል። ከዚህም ጋር እረፍት ማጣት፣ ቶሎ መድከም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ቁጡነት፣ የጡንቻ መወጠርና የእንቅልፍ መዛባት ከሚባሉት 6 ምልክቶች በአዋቂ ሰው ላይ ቢያንስ 3ቱ መታየት አለባቸው። ሌላው ዓይነት ፓኒክ ነው፤ ይህ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ላይ የሚደርስ ከባድ ፍርሃት ሲሆን፣ የያዘው ሰው ልቡ ሊፈነዳ ወይም እዚያው ሊሞት የደረሰ ይመስለዋል። ሰው ፊት መናገርን ወይም መታየትን አጥብቆ መፍራትም ከእነዚሁ ሕመሞች ይመደባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች የጭንቀት ሕመም እንደነበረባቸው ገምቷል፤ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ የሚያገኙት ከአራት አንድ ያህሉ ብቻ እንደሆኑም ይገልጻል።

ከአራት ሕሙማን ሦስቱ ያህል ለምን ሳይታከሙ ይቀራሉ ለሚለው፣ በእኛ አካባቢ አንዱ ምክንያት ሕመሙ በአብዛኛው በሰውነት በኩል ስለሚናገር ነው። በቀፊራ ቅመም የምትሸጥ አንዲት እናት እናስብ። «ተጨንቄአለሁ» ብላ ወደ ጤና ተቋም አትሄድም፤ የምትለው «ልቤ ድው ድው ይላል፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ደረቴን ጭምቅ ያደርገኛል» ነው። ደም ትሰጣለች፣ የልብ ምርመራ ይደረግላታል፣ ውጤቱ ደህና ይሆንና «ምንም የለብሽም» ተብላ ትመለሳለች። ሰውነቷ ግን አልዋሸም፤ አድሬናሊን በእርግጥ ልቧን አፍጥኖታል፣ የደረቷ ጡንቻም በእርግጥ ተወጥሯል። ልቧ ደህና ስለሆነ ሕመም የለባትም ማለት አይደለም። በእኔ እምነት ለዚህች እናት «ልብሽ ደህና ነው፤ አሁን ደግሞ እንቅልፍሽንና ሐሳብሽን እንይ» የሚላት ባለሙያ ማግኘቷ ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል። ምርመራው አላስፈላጊ ነበር ማለቴም አይደለም፤ ከመጠን በላይ የሚሠራ የእንቅርት ዕጢና የደም ማነስ ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳዩ እነሱን አስቀድሞ ማጣራት ተገቢ ነው።

በድሬዳዋና በሐረር ስለ ጭንቀት ሲጻፍ ጫትን መዝለል አይቻልም። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ስለሚቀንስም ነው ከአወዳይ የሚነሡት መኪኖች እንደዚያ የሚጣደፉት። በርጫው ሲጀመር ወሬው ይደምቃል፣ ምርቃናው ሲመጣ ጭንቀት የሚባል ነገር የራቀ ይመስላል፤ ብዙ ሰው «ስትረሴን የማስወጣው በጫት ነው» የሚለውም ያችን ሰዓት አስቦ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት ልብ እየፈጠነ፣ የደም ግፊት እየጨመረ ነው፤ ማለትም ሰውነት የሚገኘው ቀደም ብለን ባየነው የአደጋ ዝግጅት ላይ ነው። ማምሻውን ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይተካል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ጠዋት የድካምና የቁጡነት ስሜት ይጠብቃል፤ ሱሱ የጠናበት ሰው ደግሞ ሲያቋርጥ በሀራራና ዱካክ በሚባለው የሚያስጨንቅ ቅዠት ይሰቃያል። ይህንን ለማባረር እንደገና ይቃማል። ስለዚህ ጫት የሚቅም ሰው ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ፣ የጭንቀቱን ሰዓትና የመቃሚያውን ሰዓት ጎን ለጎን አድርጎ ለጥቂት ቀናት ቢመለከት ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ቡናም፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ በብዛት ሲጠጣ፣ ልብ የማፍጠንና እንቅልፍ የመከልከል ድርሻ አለው።

የድሬ ልጅ በሀገሩ ሁሉ የሚታወቀው ነገር በማቅለሉና በጨዋታ ወዳድነቱ ነው፤ ይህ የከተማዋ ውበት ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ቀለል ብሎ እንዲታይ የሚጠበቅ ሰው ሲከብደው የሚናገርበት ቦታ ያጣል፤ ያለው አማራጭም «ስትረስ ነው» ብሎ በሳቅ ማለፍ ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን የሰማ ወንድም ወይም ጎረቤት ሁለት ሦስት ጥያቄ ቢያስከትል መልካም ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው? ትተኛለህ ወይ? ሥራህን፣ ትምህርትህን፣ ሰው መጠየቅህን አስተጓጎለብህ? መልሱ «የፈተናው ሰሞን ነው» ከሆነ ማበረታታት ይበቃል። «የቤት ኪራይ ነው» ከሆነ የሚያስፈልገው መላ እንጂ መድኃኒት አይደለም። «ከከረመ ቆየ፣ ምክንያቱንም አላውቀው» ከሆነ ግን አብሮ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። መኖር አስጠልቶኛል፣ ብሞት ይሻለኛል የሚል ቃል ከተሰማ ደግሞ ሌላ ቀን አይጠበቅም፤ ሰውየው ብቻውን ሳይተው በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

ሕክምናው አለ፤ ይሠራልም። አንዱ መንገድ የሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ሲሆን፣ በዚህ ሕክምና ሰው የሚያስጨንቀውን ሐሳብ መመርመርንና የሚሸሸውን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥን ይማራል። ሌላው እንደ ፍሎክሰቲን ያለ መድኃኒት ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «አልሠራልኝም» ብሎ ማቋረጥ አይገባም። ዲያዜፓምን የመሰሉ ማስተኛዎች ግን ወዲያው ቢያረጋጉም ሱስ ስለሚያስይዙ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መውሰድ አደገኛ ነው። ጸበል የሚጠመቅም ሆነ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው እምነቱን መተው የለበትም፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ። በድሬዳዋ ድል ጮራ፣ በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል አላቸው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጭንቀቱ የጀመረበትን ጊዜ፣ በሌሊት የሚተኛውን ሰዓት፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የሚቅመውንና የሚጠጣውን መጠን ሳያፍር ቢናገር፣ ሐኪሙ ተራውን ውጥረት ከሕመሙ ለመለየት የሚያስፈልገውን አብዛኛውን መረጃ ያገኛል።