ኔክሮታይዚንግ ኢንትሮኮላይትስ ምንድን ነው?

ያለጊዜው ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል የገባ ሕፃን ትንፋሹ ሲስተካከልና ወተት መቀበል ሲጀምር ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ይህ በሽታ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚያው ሰሞን፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሆዱ ይነፋል። በቱቦ የተሰጠው ወተት ሳይፈጭ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ሐሞት ተቀላቅሎበት ይመለሳል። ሰገራው ላይ ደም ይታያል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ራጅ ሲነሳ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ይታያሉ፤ አየሩን የሚፈጥሩት ግድግዳውን አልፈው የገቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሐኪሞች በአጭሩ ኔክ ይሉታል። የአንጀቱ ሥጋ ተቆጥቶ ይሞታል፣ ሲብስም ይበሳል።

ከ1,500 ግራም በታች ሆነው ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ5 እስከ 7 የሚሆኑትን ይይዛል። ከተያዙት ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ።

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂ የሚሆን አንድ ጀርም እስካሁን አልተገኘም። ችግሩ ያለው ባልበሰለ አንጀትና በውስጡ በሚሰፍሩት ባክቴሪያዎች መካከል ነው። ጊዜው ያልደረሰ አንጀት ቲኤልአር4 የሚባል ተቀባይ ፕሮቲን በብዛት ይዞ ይወለዳል። ፕሮቲኑ እንደ ኢ ኮላይና ክሌብሲየላ ያሉ ባክቴሪያዎችን ቅርፊት ሲያገኝ ቁጣን ይቀሰቅሳል፤ የአንጀቱ ሕዋሳት ይሞታሉ፣ ደም ስሮቹም ይጠብባሉ። በሆስፒታል የሚያድግ ሕፃን አንጀት ውስጥ ቀድመው የሚበዙት ደግሞ እነዚሁ ባክቴሪያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የሕፃናትን ሰገራ በተከታታይ መርምሮ፣ በሽታው ከመታየቱ በፊት የዚህ ወገን ባክቴሪያዎች እየበዙ፣ ሌሎቹ እየተመናመኑ እንደሚሄዱ አሳይቷል።

እስካሁን ከታወቁት መከላከያዎች ሁሉ የእናት ጡት ወተትን የሚያህል የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ 926 ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት የዱቄት ወተት ብቻ የጠጡት የጡት ወተት ብቻ ካገኙት ከ6 እስከ 10 እጥፍ በበሽታው እንደተያዙ አገኘ። ምክንያቱ ከፊሉ ያስደንቃል። በጡት ወተት ውስጥ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ በብዛት የሚገኙት ኦሊጎሳካራይድ የሚባሉ ስኳሮች ናቸው፤ ሕፃኑ ሊፈጫቸው አይችልም። የሚመገባቸው ቢፊዶባክቴሪየም የሚባል ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያ ነው። እናት ልጇን ስትመግብ የልጇን ባክቴሪያ አብራ ትመግባለች። ስለዚህ በአገራችን በአንዳንድ ቦታ እንገሩን አልቦ መድፋትና ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ ለማንም ልጅ አይበጅም፤ ያለጊዜው ለተወለደው ግን እጅግ አደገኛ ነው። እናት ልጇ ገና መጥባት ባይችል እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማለብ ትጀምር፤ ጥቂት ጠብታም ቢሆን ይጠቅመዋል።

ታዲያ ጠቃሚውን ባክቴሪያ ራሱን በጠብታ ብንሰጠውስ? ፕሮባዮቲክስ የሚባለው ይህ ነው፤ ውጤቱም እንደ ባክቴሪያው ዝርያ ይለያያል። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ሦስት ዝርያዎች ተቀላቅለው ለሕፃናት ሲሰጡ ኔክ ከ4.4 ወደ 2.0 በመቶ ወርዷል፤ ጥናቱ 1,099 ሕፃናትን ያካተተ ነበር። በእንግሊዝ ግን አንድ ዝርያ ብቻ ከ1,300 በላይ ሕፃናትን ባካተተ ጥናት ተሞክሮ የረባ ለውጥ አላመጣም። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ፕሮባዮቲክስ የተሰጠው አንድ ሕፃን በአሜሪካ ባክቴሪያው ደሙ ውስጥ ገብቶ ሞተ፤ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ምክር የጡት ወተት ለሚያገኙና ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ሕፃናት ሊታሰብበት ይችላል የሚል ነው። በእኔ እምነት ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው። ከፋርማሲ ገዝቶ በራስ ፈቃድ የሚሰጥ ነገር አይደለም።

የመድኃኒት አሰጣጥም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በጥርጣሬ የተጀመረ አንቲባዮቲክ የደም ምርመራው ኢንፌክሽን ሳያሳይ ለቀናት ከቀጠለ ኔክ የመከሰት ዕድሉ ከፍ እንደሚል ታይቷል፤ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች አብሮ ይጠርጋልና። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶችም ከበሽታው ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል፤ አሲዱ በአፍ የሚገቡትን ጀርሞች ከአንጀት ሳይደርሱ የሚገድል ነው።