በሳይክል ፈረንሳይን መዞር፦ የምንሰማው እና መንገዱ ላይ ያለው

«ለዕረፍት ፈረንሳይ ገጠር ሄጄ በሳይክል ልዞር ነው» ስል አንዱ ይስቃል። ሌላው «በዚህ ዕድሜህ!» ይላል። አክስቴማ በስልክ «ምነው ልጄ፣ የባቡር መሳፈሪያ አጣህ እንዴ?» ብላኛለች።

ስለዚህ በየጊዜው የሚነግሩኝን አንድ በአንድ ላንሳው። ምሳሌዬ በአብዛኛው ከሎዋር ወንዝ ዳር ነው። እዚያ ያለው መንገድ «ሎዋር አ ቬሎ» ይባላል፤ ሎዋርን በሳይክል እንደማለት ነው። ከመሀል አገር፣ ከኔቬር ከተማ አጠገብ ተነስቶ ወንዙን እየተከተለ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ርዝመቱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አትደንግጡ፣ ሁሉንም ሂዱ ያለ የለም።

«ይሄ እኮ የቱር ደ ፍራንስ ጉልበት ይፈልጋል»

ጥፋቱ የቴሌቪዥን ነው። ፈረንሳይ እና ሳይክል ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ጥብቅ ያለ ልብስ ለብሶ ከአልፕስ ዳገት ጋር የሚታገል ሰው ነው። በ2016 (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ፅጋቡ ግርማይ ፈረንሳይን በሚዞረው ትልቁ የሳይክል ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2024 ደግሞ ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ የሦስት ቀን ውድድር አሸንፎ፣ በነጥብ ለሚመራ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። እነሱ እንጀራቸው ነው። እኛ የምንሄደው ለመንሸራሸር ነው።

ወንዝ ዳገት አይወጣም፤ ወንዙን የሚከተል መንገድም አብዛኛው ሜዳ ነው። ዝግ ብላችሁ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ፣ በቀን 45 ኪሎ ሜትር የሦስት ሰዓት ሥራ ነው። የቀረው ቀን ለቡና፣ ለዛፍ ጥላ እና ለእንቅልፍ ነው። ጉልበት ከፈራችሁ ባትሪ ያለው ሳይክል ይከራያል። ሞተሩ የሚያግዘው ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ስትደርሱ ይተዋችኋል። እኔ ኩራት ስላለብኝ አልተከራየሁም። ዋጋዬን አግኝቻለሁ።

ያስከፈለኝ ግን ዳገት ሳይሆን ነፋስ ነው። መጀመሪያ ስሄድ «ወንዙ ወደሚወርድበት ብነዳ ይቀለኛል» ብዬ ወደ ምዕራብ ጀመርኩ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የወንዙ ቁልቁለት እግር የማይሰማው ትንሽ ነገር ነው። ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአትላንቲክ፣ ከምዕራብ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አንገቴን ቀብሬ ስታገል፣ ከፊት ለፊት የሚመጡት ሽማግሌዎች እያፏጩ ያልፉኝ ነበር። «ቦንዡር!» ይሉኛል ደግሞ፣ በሙሉ ትንፋሽ። ከዚያ ወዲህ የምጀምረው ከውቅያኖሱ በኩል ነው።

«መኪና ይገጭሃል»

ቦሌ መንገድ ላይ ሳይክል ነድቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ቢፈራ አልፈርድበትም። ሎዋር ዳር ግን መንገዱ በአብዛኛው ለመኪና የተከለከለ ወይም መኪና የማይበዛበት የገጠር መንገድ ነው። ፈረንሳዮች «ቮዋ ቬርት»፣ አረንጓዴ መንገድ የሚሉት አለ። አንዳንዱ ድሮ ፈረሶች ጀልባ የሚጎትቱበት የቦይ ዳር መንገድ ነው። ሌላው ሐዲዱ የተነቀለ የባቡር መስመር ነው። በቡርጎኝ ክልል ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው በ1997 ሲከፈት የአገሪቱ የመጀመሪያው አረንጓዴ መንገድ ነበር።

የድሮ ባቡር መስመር ለሳይክል ይመቻል። በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይችል፣ መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ሞልተው አለስልሰውታል። የዚያ ዘመን ልፋት ዛሬ ለጉልበታችን ሆነ። ጣቢያዎቹም አልፈረሱም። የመንደሩ ስም ግድግዳው ላይ እንዳለ፣ ቤቱ መኖሪያ ወይም ካፌ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያን «ላ ጋር» ይላሉ። አዎ፣ ያው የኛው ለገሃር ነው። የጅቡቲውን ባቡር የሠሩት እነሱ አይደሉ፣ ቃሉን ጥለውልን ሄዱ።

ከመኪና ጋር የምትጋሩት ቦታ ጨርሶ የለም ግን አልልም። ሕጉ ሳይክል የሚያልፍ ሾፌር ከከተማ ውጭ አንድ ሜትር ተኩል፣ ከተማ ውስጥ አንድ ሜትር እንዲርቅ ያዛል። ሄልሜት ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ2017 ጀምሮ ግዴታ ነው። አዋቂ አይገደድም። እኔ አደርጋለሁ፤ ጭንቅላት መለዋወጫ የለውም።

«ፈረንሳይ አይደል፣ ምግብ የትም አለ»

ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቼ ጾም ውያለሁ።

ሰኞ ቀን ነበር። ቁርሴን አንድ ቡና ጠጥቼ ወጣሁ፤ የመጀመሪያው መንደር ላይ ትኩስ ዳቦ እበላለሁ ብዬ። ደረስኩ። ዳቦ ቤቱ ዝግ፣ መስኮቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰኞ አንሠራም ይላል። ቀጣዩ መንደር ቤተ ክርስቲያን አለው፣ የጦርነት መታሰቢያ ሐውልት አለው፣ ሱቅ የለውም። ሦስተኛው ላይ ምግብ ቤት አገኘሁ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነበር። ሴትየዋ በትሕትና ሰዓቷን አሳየችኝ፤ ኩሽናው ስምንት ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ሰዎቹ እኮ እዚያው ተቀምጠው እየበሉ ነው! አይብ በዳቦ እንኳ ስጪኝ ብል «ደዞሌ»፣ አዝናለሁ አለችኝ። በገጠር ምሳ ማለት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ ማንም አያውቃችሁም። ብዙ ሱቅም በዚያው ሰዓት ይዘጋል። እሑድ ከሰዓትንም እንደ ሰኞ ቁጠሩት።

ያዳነኝ መንገድ ዳር የቆመ የዳቦ ማሽን ነው። አዎ፣ ማሽን። ሳንቲም ከተትኩ፣ ውስጡ ጓ ጓ አለ፣ አንድ ባጌት ከታች ብቅ አለ። የሳይክሉን ሰንሰለት በነካ እጄ ቆሜ ጨረስኩት። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ስንቅ የማይጠፋው በዚያ ምክንያት ነው።

ውኃ ካለቀባችሁ ደግሞ የመቃብር ቦታ ፈልጉ። አልቀለድኩም። የመንደር መቃብር ላይ አበባ ማጠጫ ቧንቧ አይጠፋም፤ ሳይክል የሚነዳ ሁሉ ይህን ያውቃል። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ግን አትጠጡ፤ የማይጠጣ ውኃ ማለት ነው።

«ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ብዙ ያያል»

አያይም። በቀን መቶ ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የሚያየው የፊት ጎማውን ነው። እኔ አንድ ቀን ሙሉ የዋልኩባት መንደር አለች፤ ካንድ-ሳን-ማርታን ትባላለች። የቪዬን ወንዝ ከሎዋር የሚቀላቀለው እግሯ ሥር ነው። ነዋሪዎቿ ሁለት መቶ ገደማ ሰዎች ናቸው።

ስሟ የመጣው ከቅዱስ ማርታን ነው። ወታደር ሳለ ካባውን በሰይፍ ለሁለት ቀዶ ግማሹን ለለማኝ የሰጠው፣ በኋላ የቱር ከተማ ጳጳስ የሆነው ማለት ነው። በ397 እዚህች መንደር ውስጥ ዐረፈ። ያኔ ጠብ ተነሳ። የፖዋቲዬ ከተማ ሰዎች «መጀመሪያ የኛ መነኩሴ ነበር» አሉ፤ የቱር ሰዎች «ጳጳሳችን ነው» አሉ። ሲመሽ ሁለቱም ወገን አስከሬኑን ሊጠብቁ ተቀመጡ። የድሮ ጽሑፍ እንደሚተርከው ፖዋቲዬዎቹን እንቅልፍ ጣላቸው። ቱሮቹ አስከሬኑን በመስኮት አውጥተው፣ ጀልባ ላይ ጭነው፣ እየዘመሩ ወደ አገራቸው ቀዘፉ። ሌሎቹ የነቁት በዝማሬው ነው ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጣችሁ ወንዙን እያያችሁ ስታስቡት ትናንት የሆነ ይመስላል።

የመንደሩ ቤቶች ከቱፎ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በመጋዝ ይቆረጣል፤ በጣቴ ሳሸው ነጭ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ። ድንጋዩ የወጣበት ዋሻ ዛሬ ወይን ማስቀመጫ፣ እንጉዳይ ማብቀያ፣ አንዳንዱም መኖሪያ ቤት ሆኗል።

ካንድ እና ተጎራባቿ ሞንሶሮ «የፈረንሳይ እጅግ ውብ መንደሮች» የሚባለው ማኅበር ውስጥ አሉ። ማኅበሩ በ1982 የተቋቋመ ነው። ሕዝቡ ከ2,000 የማይበልጥ፣ ቢያንስ ሁለት በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ያለው መንደር ነው የሚገባው። «ታዲያ ለቱሪስት የተቀመጠ ሙዚየም ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ልብስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሰውዬው ደጁ ላይ ባቄላ ይፈለፍላል። ብቻ ሰላምታ አትርሱ። «ቦንዡር» ሳትሉ ጥያቄ ከጀመራችሁ ፊታቸው ይጠቁራል። ከዚያ ተነስተን «ፈረንሳይ ኩራተኛ ነው» እንላለን፤ እኛስ ሰላም ሳይል መንገድ የሚጠይቀንን ሰው ምን እንለዋለን?

«ሎዋር የመጨረሻው የዱር ወንዝ ነው»

ይህን ደግሞ ማስታወቂያው ራሱ ነው የሚለው። አሸዋማ ደሴቶቹንና ሽመላዎቹን ስታዩ ታምናላችሁ። ነገር ግን የምትነዱበት ከፍ ያለ ግድብ ራሱ ጎርፍ ለመከላከል ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የተገነባ ነው። በኦርሌያንና በብሉዋ መካከል የሰን-ሎራን ኑክሌር ጣቢያ ማማዎች እንፋሎት ሲለቁ ታያላችሁ። ፖስትካርድ ላይ አይወጡም። ዋና ለመዋኘት ግን አትሞክሩ፤ አሸዋው ከእግር ሥር ይከዳል።

«ሳይክሉን ባቡር ላይ ጭነህ መመለስ ነው»

በክልል ባቡር ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ በነፃም ሊሆን ይችላል። ፈጣኑ ቴዤቬ ላይ ግን ቦታ ካለ ቀድሞ ማስያዝና መክፈል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጎማውን ፈትቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቦታ ይሞላል፣ ሙቀቱም አይቻልም። እኔ ሰኔን ወይም መስከረምን እመርጣለሁ።

«ከሎዋር ሌላ የለም»

አለ እንጂ። በስተሰሜን፣ ቤልጂየም ድንበር አጠገብ፣ የመዝ ወንዝን እየተከተለ ከሻርልቪል-ሜዚዬር ወደ ዢቬ የሚሄድ አረንጓዴ መንገድ አለ። ወንዙ ጫካ በለበሱ ኮረብታዎች መካከል እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ሻርልቪል ገጣሚው አርተር ሬምቦ በ1854 የተወለደባት ከተማ ናት። ግጥሙን ጥሎ ሐረር ገብቶ የነገደው፣ ለምኒልክ ጠመንጃ የሸጠው ሬምቦ። ሐረር ላይ «የሬምቦ ቤት» ተብሎ የሚጎበኘው ቤት አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ እንዳሠራው ነው የሚነገረው፤ ይኸውላችሁ ሌላ የተሳሳተ አመለካከት። የትውልድ ከተማው ሙዚየም ግን የራሱ ነው፤ ወንዙ ላይ ባለ የድሮ ወፍጮ ቤት ውስጥ ይገኛል። ስትሄዱ ቀኑን አስተውሉ፤ ሰኞ ዝግ ነው።