ቆርኪ፣ ባትሪ እና አሮጌ ነጠላ፡ ስለ ልጆች ተረት ፈጠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሀዋሳ ኬጂ ነው የማስተምረው፣ አራትና አምስት አመት የሆናቸውን። ክፍሌ ጥግ ላይ አንድ ካርቶን አለ፣ ውስጡ ቆርኪ፣ የሀይላንድ ክዳን፣ ጠጠር፣ የባህር ዛፍ ፍሬ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ምናምን። አጠገቡ የእጅ ባትሪ እና የተሰቀለ አሮጌ ነጠላ አለ። ልጆቹ በነዚህ ተረት ይፈጥራሉ። ወላጅ ሲመጣ መጀመሪያ ካርቶኑን ያያል፣ ከዛ እኔን፣ ከዛ መልሶ ካርቶኑን። "ቲቸር፣ የምንከፍለው ለዚህ ነው?" ያለኝ አባትም አለ። እስቲ የሚባሉትን አንድ በአንድ ልመልስ።

"ይሄ የፈረንጅ ፋሽን ነው"

ቲዎሪው አዎ። ሳይመን ኒኮልሰን የሚባል እንግሊዛዊ አርቲስት ነው በ1971 በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈው፣ ልጅ የሚፈጥረው በዙሪያው የሚያነሳው፣ የሚያዛውረው፣ የሚቀያይረው ነገር ሲበዛ ነው አለ። በብርሃንና በጥላ በማጫወት ደግሞ የጣሊያኗ ሬጂዮ ኤሚሊያ የህጻናት ትምህርት ቤቶች ይታወቃሉ። ግን እኛስ እቃ እቃ አልተጫወትንም እንዴ? ቆርኪው ድስት፣ ቅጠሉ ጎመን፣ አፈሩ በርበሬ፣ እንግዳ መጥቶ "ኧረ ጠግቤያለሁ" ሲል በግድ ማጉረስ ሁሉ ነበረበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሻማ ግድግዳ ላይ በጣት ውሻ እንሰራ ነበር። ፈረንጆቹ ስም አወጡለት፣ እኛ ደግሞ ልጆቻችንን ከለከልን።

"አሻንጉሊት ይገዛላቸው እንጂ ቆሻሻ ለምን"

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የተገዛ መኪና ሁሌም መኪና ነው፣ ቢበዛ ይጋጫል። ስም ያልወጣለት ነገር ግን ስሙን የሚሰጠው ልጁ ነው፣ ስም ሲሰጠው ደግሞ ተረቱ ጀመረ ማለት ነው። አንድ ቀን አንዱ ልጅ ቅርጽ የሌለው የተቀደደ ካርቶን አንስቶ "ይሄ አያ ጅቦ ነው" አለ። ከነጠላው ጀርባ ባትሪው በርቷል፣ ካርቶኑን ሳያስበው ወደ ባትሪው ሲያስጠጋው ጥላው ነጠላውን ሞላው፣ ከፊት የተቀመጡት ጮሁ። "ተናደደ!" አለ። አራቀው፣ ጥላው አነሰ። "አሁን ይቅርታ ጠየቀ።" ከዛ ሌላዋ ውሃ ያለበት ሀይላንድ አምጥታ ብርሃኑ ፊት ስትወዘውዘው ነጠላው ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር መጣ፣ "ሀይቁ መጣ፣ ጅቡ መሻገር አይችልም" አለች። ማን አሻገረው? አባ ኮዳ፣ ሀይቃችን ዳር የሚቆመው ትልቁ አሞራ። የአሞራ ገደል፣ የሀይቁ ዳር አሳ ገበያ ልጆች ናቸው እንግዲህ፣ ሌላ ማን ሊያሻግረው ነው? እኔ በዚህ ሁሉ መሀል ስለ ብርሃን ላስረዳ ምላሴን ሲበላኝ ነበር፣ እንደምንም ዝም አልኩ። በሳምንቱ ያው ልጅ ራሱ ለአዲስ ልጅ ሲያስረዳ ሰማሁት፣ "ወደ ባትሪው ስታስጠጋው ይናደዳል፣ ስታርቀው ይረጋጋል።" ፊዚክሱ አልቋል እኮ።

"ጥላ ያስፈራቸዋል"

ባትሪውን የያዘው ትልቅ ሰው ከሆነ ሊያስፈራቸው ይችላል። ለሚፈራው ልጅ ባትሪውን ስጡት፣ ያብራ ያጥፋ። ክፍሉንም ድቅድቅ አታድርጉት፣ መጋረጃ መዝጋት ይበቃል።

"ፊደል ይቅደም፣ ጨዋታ ይደርሳል"

በጣም የምሰማው ይሄን ነው፣ በተለይ አንደኛ ክፍል ለመግባት ሲቃረቡ። ግን አስቡት፣ ካርቶን በጅብ ፈንታ መቆም ከቻለ "በ" የሚለው ምልክትም በድምጽ ፈንታ መቆም ይችላል። ቪጎትስኪ የሚባለው የሶቪየት ሳይኮሎጂስት እንዲህ አይነት ጨዋታ ለጽሁፍ መንገድ ይጠርጋል ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው። ፊደል አይማሩ እያልኩ አይደለም፣ እኔም አስተምራለሁ።

"ተረት ከሆነ መጨረሻ እና ትምህርት ይኑረው"

የአራት አመት ልጅ ተረት "ከዛ፣ ከዛ፣ ከዛ" ነው፣ መሀል ላይ ጅቡ ባጃጅ ይነዳል፣ ከዛ ምሳ ሰአት ይደርሳል። ይሁን። "ይሄ ምንድነው?" "ቀለሙስ?" እያላችሁ ፈተና አታድርጉት፣ "እሺ፣ ከዛስ?" በሉ። በየትኛውም ቋንቋ ይሁን ደግሞ። በሲዳምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስ ልጅ አለኝ፣ ሲዳምኛ የማይችሉትም በእጁና በጥላው ይከተሉታል። "በእንግሊዝኛ ካላወሩ" የሚሉ ወላጆች እዚህ ጋ ትንሽ ቢታገሱልኝ።

"ብርሃን ከሆነ ስልኩም ብርሃን ነው"

የስልኩ መብራት አዎ፣ ቪዲዮው ግን ሌላ ነው፣ እዛ ላይ ተረቱን የጨረሰው ሌላ ሰው ነው። የአለም ጤና ድርጅት በ2019 በፈረንጅ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ከሁለት እስከ አራት አመት ላሉት ስክሪን በቀን ከ1 ሰአት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል ይላል፣ ሲቀመጡ ደግሞ ከአሳዳጊ ጋር ማንበብና ተረት ይበረታታል ይላል።

"ትንንሽ እቃ ምን ያደርጋቸዋል"

ይሄኛው ደግሞ በተቃራኒው መሳሳት ነው፣ ሀሳቡን ከወደዱት ወላጆች የሚመጣ። ከሶስት አመት በታች ላለና ነገር ሁሉ አፉ ለሚከት ልጅ ቆርኪና ጠጠር አይሰጥም፣ ያንቀዋል። ለሱ ትልልቅ ጨርቅና ካርቶን ይበቃዋል። በሳንቲም ቅርጽ ባትሪ የሚሰሩ ርካሽ መብራቶችን ከቤት አውጡ፣ ያቺ ባትሪ ከተዋጠችና ጉሮሮ ላይ ከቀረች በ2 ሰአት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች፣ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል። መንገድ ላይ የምትሸጠው ሌዘር ለአይን አደጋ ነች። ሻማና ነጠላ ደግሞ አንድ ላይ አይቀመጡም፣ የእኛ ጊዜ ተረፍን እንጂ። የቆርኪ ጠርዝም ይቆርጣል፣ እኔ በመዶሻ እየመታሁ አስተኛዋለሁ።

ቆጥሬ ነው የማስገባው፣ 30 ከወጣ 30 ይመለሳል። ባለፈው 29 ሆኖብኝ ክፍሉን ሙሉ ስገለብጥ ቆይቼ አንዷ ኪስ ውስጥ አገኘሁት። የጅቡ ልጅ ነው አሉ፣ ቤቷ ልታሳድረው።