የአካባቢ ሕግ መምህርነት በሐረርና በድሬዳዋ

የአካባቢ ሕግ አየር፣ ውሃና አፈር እንዳይበከሉ፣ እንዳይራቆቱም የሚጠብቅ የሕግ ዘርፍ ነው። በሐረርና በድሬዳዋ በኩል ይህን ትምህርት ሙያዬ ብሎ የያዘ ሰው ሥራው በአብዛኛው ሐረማያ ወይም ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ነው።

መንገዱ ረጅም ነው። የመጀመሪያው የሕግ ዲግሪ 5 ዓመት ይፈጃል። ማስተርሱ ብዙ ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ ዶክትሬቱ ከዚያ ይረዝማል። ማዕረጉ ከሌክቸረር ተነስቶ በረዳት ፕሮፌሰርና በተባባሪ ፕሮፌሰር በኩል ፕሮፌሰር ይደርሳል። ለዚህ ማስተማር ብቻ አይበቃም፣ ታትሞ የወጣ ምርምር ያስፈልጋል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ቀጥሎ የ1995ቱ የአካባቢ አዋጆች ይመጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 በደንብ ሊጠና ይገባዋል። በዚህ አንቀጽ ማንም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካዩ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህ ትልቅ በር ነው። አዋጆቹ ሲወጡ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ የዕፅዋት ሳይንቲስት እንጂ የሕግ ሰው አልነበሩም።

ሐረማያ በ1940ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ግቢ ስለሆነ፣ የሕግ ተማሪው የአፈርና የውሃ ባለሙያ ለማግኘት ሩቅ አይሄድም። የጥናት ርዕሱም ደጁ ላይ ነው። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ሐረር የምትጠጣው ከዚያ ነበር። ደለል ሞላው፣ ጫትና አትክልት የሚያጠጡ ሞተሮች ከዳር ዳር ሳቡት፣ ከተሞቹም ጠጡት። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባህላዊ መስኖን ግን ነፃ ያደርጋል። ታዲያ ገበሬው ቱቦውን ዘርግቶ ሞተሩን ሲያስነሳ መስኖው ባህላዊ ነው ወይስ አይደለም? አንድ የማስተርስ ጽሑፍ በዚህች ጥያቄ ብቻ ሊቆም ይችላል።

ሌላው የጥናት ርዕስ ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ነው። በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ተዳፋቱ ያለው ኦሮሚያ ክልል፣ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ነው። ጉዳቱ የደረሰው ደግሞ ተጠሪነቷ ለፌዴራሉ መንግሥት በሆነች ከተማ ላይ ነው። ላይኛው ገበሬ ዛፍ ተክሎ እርከን እንዲሠራ ማን ያዘዋል? የድካሙንስ ማን ይከፍለዋል? ይህን የሚያጠና ሰው አዋጁን ከመግለጡ በፊት ከድሬዳዋ ወደ ሐረማያ የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ወጥቶ የተራቆተውን ተዳፋት ቢያይ ይሻለዋል።