የመጠጥና የካናቢስ ስላቅ በጎንደር አዝማሪ ቤት

በጎንደር ስለ መጠጥ የሚዘፈን የስላቅ ግጥም ባለቤቱ አዝማሪ ነው። መሣሪያው ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ አለው፤ ክሩ የፈረስ ጭራ ነው። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልሳል፣ ደስ ያለው ብር በግንባሩ ይለጥፍለታል። ስንኙ የሰጪውም የዘፋኙም ስለሆነ፣ በተራ ንግግር ጠብ የሚያስነሣ ቃል በሳቅ ያልፋል። ሁልጊዜ ግን አላለፈም፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ ፋሺስቶቹ አዝማሪዎችን እያሳደዱ ረሽነዋል።

መጠጥ ለሰምና ወርቅ የተመቸ ነው። «ጠላ» የገብሱና የጌሾው መጠጥ ነው፤ «ጠላ» ደግሞ ወዳጅነቱን የተወ ሰው ግሥ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ቋንቋችን ለሰካራም ያለው ርኅራኄ ነው። የጠጣ ሰው «ሞቅ ብሎታል» ወይም «ቀመስ አድርጓል» ይባላል። ጋንጃ (ካናቢስ) ያጨሰው ግን ወዲያው «ሱሰኛ» ነው። «አደንዛዥ ዕፅ» ራሱ ስም ብቻ ሳይሆን ፍርድም ነው። ሁለቱን የሚያነጻጽር ስላቅ መነሻው እዚህ ላይ መሆን አለበት ባይ ነኝ፤ ቤቱ ገብቶ ሚስቱንና ልጆቹን የሚደበድብ ሰው «ሞቅ ብሎታል» ሊባል አይገባም።

ልዩነቱ በሕግም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይከለክላል፤ ካናቢስም በዚሁ ይጠቃለላል። መጠጥን ግን ሕጉ በገደብ ይፈቅዳል፦ አዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥንም ከልክሏል። ዳሽን ቢራ እዚያው ጎንደር ይጠመቃል። ሠርግና ማኅበር ያለ ጠላ አይታሰብም፤ ጠጅም በብርሌ ይቀርባል።

አዝማሪው መጠጥን አጥብቆ ለመንቀፍ የሚቸገረው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ስንኝ የሚሰጠውም፣ የሚሰደበውም፣ ብሩን የሚለጥፍለትም ያው ጠጪው ነው። ስለዚህ ስድቡ ከውዳሴ ጋር ተጋምዶ ይመጣል፤ በአንደኛው ስንኝ የቀመሰውን ጠጅ ያሞግሳል፣ በቀጣዩ የጠጪውን ኪስ ባዶነት ያነሣል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉም ስለሚቆም ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ፋሲካ ሲሆን ማሲንቆው እንደገና ይቃኛል።